ከእሳቱ በፊት የሚባል ነገር

ባን ኖንግ ሳኖ
የአምስተኛው ወር ጨረቃ መጉደል በጀመረች በሦስተኛው ቀን፣ በቡድሃ ዘመን 2521

ለወንድሜ ለካምሴን፤

እንደምን ሰነበትህ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ዶሮዎቹም ደህና ናቸው። ደብዳቤህ በእትዬ ቻንሊ እጅ ደርሶኛል። ከሩዝ ሙዳይዋ ሥር ስለከተተችው ጠርዙ ወዝቷል እንጂ ይነበባል። ወንዙን ተሻግራ ስትመጣ የድንበሩ ወታደሮች ሙዳዩን ከፍተው ሁለት ሁለት ጉርሻ ጠቅልለው በሉባት አሉ። ሦስተኛ ቢጨምሩ አንተን ይጎርሱህ ነበር። ጎመን የምትቸረችር ሴት ልቧ እንዲህ ሲጠና አይቼ አላውቅም።

ስለ ጣሪያው ጠይቀሃል። ሁለት ቆርቆሮ አስቀይሬአለሁ፤ ክረምቱን ይችላል። ስለ አዲሱ ዓመትም ጠይቀሃል። ያው ነው፤ ልጆቹ ውሃ ተራጩ፣ የሽማግሌዎቹ እጅ ላይ ውሃ ፈሰሰ፣ ሰካራሞቹ ጭቃ ውስጥ ወደቁ። የማንጎው ዛፍ ዘንድሮ በደንብ ይዟል።

አየህ፣ ማንጎ ማንጎ እያልኩ ነገሩን አዘገየዋለሁ። እማዬ ከደብዳቤዬ ግርጌ እንደ ልማዷ ለምን ጣቷን እንዳላተመች ጠይቀሃል። ባለፈው ዓይኗ ደክሟል ብዬህ ነበር። ዓይንና ጣት ምን አገናኛቸው ብለህ መጠርጠርህ አልቀረም፤ ድሮም ብልጥ ነህ። ኦት፣ እናታችን ዐርፋለች። ዛሬ ሃያ ቀኗ ነው። በጠዋት ነው የሄደችው፤ ገንፎዋን ሁለት ማንኪያ ቀምሳ ይበቃኛል አለች፤ ሳህኑን አጥቤ ስመለስ አልፋለች። አልተሠቃየችም። ያኔውኑ ያልጻፍኩልህ ደብዳቤው እጅህ እንደገባ ጀልባ ላይ ዘልለህ ትወጣለህ ብዬ ፈርቼ ነው። ወታደሮቹም ይህንኑ ጠብቀው ሦስት ቀን ሙሉ ከቤታችን በታች ካርታ ሲጫወቱ ከረሙ። ስለዚህ ይቅር በለኝ፤ ልደብቅህ ብዬ ሳይሆን እንድትኖርልኝ ብዬ ነው።

ሳጥኑ በሙጫ ታሽጎ በገዳሙ አዳራሽ ነው ያለው። እኔም፣ ዘመዱም፣ ጎረቤቱም አምስት ጥንድ ሻማና አምስት ጥንድ አበባ በሳህን ይዘን፣ ራስጌዋ ተንበርክከን ይቅርታ ለምነናታል። የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ። አበምኔቱ አባ ቶንግሳይ መቼ እናቃጥላት ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

ላምዱዋን


ከማዶ፣ ሜይ 4 ቀን 2521

እታለም፤

ሰላምታውን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውኩት። እናቱ ሞታ ሃያ ቀን ሙሉ ሩዙን እየበላ፣ ከሰው ጋር እየሣቀ የሰነበተ ሰው ምን ብሎ ሰላም ይላል? ስለ መዘግየትሽ አልቀየምሁም። እውነትሽን ነው፣ እዘልል ነበር።

ሁለት ነገር እለምንሻለሁ። የመጀመሪያው፣ አታቃጥሏት፤ ጠብቁኝ። ሌላ ሰው ለወግ ያህል የሚለምነው ይቅርታ ለእኔ ወግ አይደለም። ከእሳቱ በፊት የምነግራት ነገር አለኝ። እሳቱ ካለፈ በኋላ ለማን እናገራለሁ? ለአመድ?

ያን ቀን አንቺ ገበያ ስለነበርሽ አላየሽም፤ ከሾፌሬ በቀር ያየ የለም። ግድቡ ሞልቶ የድሮው መንደራችን ውሃ ከገባ በኋላ፣ ወደ አዲሱ ሰፈር በተዛወራችሁ ሰሞን፣ በመንግሥት መኪና መጣሁ። ያኔ ምክትል ሚኒስትር ነኝ፤ ሸሚዜ እንደ ቆርቆሮ ደርቆ ቆሟል። እማዬ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሩዝ ታበጥራለች። ስታየኝ ሰፌዱን አስቀመጠች፤ ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠችና ሁለት እጆቿን ገጥማ እስከ ግንባሯ አነሣች። «ክቡር ሚኒስትር፣ እንኳን ደህና መጡ። ምሳ በልተዋል?» አለችኝ። እታለም፣ እናት ለልጇ እጅ ስትነሣ አይተሽ ታውቂያለሽ? በአገራችን የዚያ ልጅ ዕድሜ ያጥራል ይባላል። ሾፌሬ ፊቱን አዞረ። እኔ ደግሞ፣ አፈር ልብላና፣ «በልቻለሁ» ብዬ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ኦት ብላኝ አታውቅም። ራሴ ትልቅ፣ እግሬ ቀጭን ነው ብላ በእንቁራሪት ልጅ ስም የጠራችኝ እናት፣ በዓመት ሁለቴ በመጣሁ ቁጥር «እርስዎ» እያለች ታስተናግደኝ ነበር። ምክንያቱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። የአባታችን አጽም ያረፈበት ነጭ ሐውልት ዛሬ ከውሃ በታች አሥር ሜትር ላይ ነው። ውሃው የድሮው ገዳማችን ድረስ አይደርስም፣ አጽም የሚያነሣ ሰው አይኑር ብዬ በድምፅ ማጉያ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ልመናዬ ይኸውልሽ። ከመሞቷ በፊት ስለ እኔ ምን አለች? ክፉም ቢሆን ንገሪኝ።

ኦት


ባን ኖንግ ሳኖ
የስድስተኛው ወር ጨረቃ በሞላች ማግሥት

ለካምሴን፤

ሰላም ነህ ወይ? ሩዝ አልበላ ብሏል ስትል እትዬ ቻንሊ ከሰሰችህ። ብላ። በረሃብ የተጸጸተ ሰው የጸደቀበት አገር የለም።

እንጠብቅሃለን። የጤና ጣቢያው ሰው ገላዋ እንዳይፈርስ መድኃኒት አስገብቶላታል፤ ሙጫውንም ደግሜ አስመርጌዋለሁ። አባ ቶንግሳይ «ሙት አይቸኩልም» ብለዋል። የመንደሩ ሴቶች በየተራ አበባዋን ይቀይራሉ። እኔም ጠዋት ጠዋት ሩዝና የተቦካ ዓሣ ራስጌዋ አስቀምጬ ሳጥኑን አንኳኩቼ ብዪ እላታለሁ። በሕይወት ሳለች ጨው በዛ ትለኝ ነበር፤ አሁን ምንም አትልም።

ምን አለች ብለህ ለጠየቅኸው፣ የታመመ ሰው ብዙ ይላል። ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

ይልቅ ስማ። ማክሰኞ የወረዳው ገዢ ራሱ መጣ። ጫማውን አውልቆ ለእማዬ ዕጣን ለኮሰ፤ እውነቱን ለመናገር በደንብ ነው የሰገደው። ከዚያ እኔን ወደ ጥላው ጠርቶ ሻይ እየጠጣ አናገረኝ። ሰውየው አንተን ያውቅሃል፤ ተማሪ ሳለ ንግግርህን ሊሰማ ሦስት ሰዓት በፀሐይ ቆሞ እንደነበር ነገረኝ። እና የሚለው ይኸው ነው። ካምሴን በገዛ እጁ ይምጣ። በሬዲዮ የሚነበብ ሁለት ገጽ ወረቀት አለ፤ ያንብብ። ካነበበ የእናቱን እሳት ራሱ ይለኩሳል፣ ከዚያ በኋላም ጥቂት ዓመት ታስሮ ይወጣል። ወረቀቱን ላሳይሽ አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

እኔ ና ወይም ቅር አልልህም። ፓርቲ የሚመራ ትልቅ ሰው ነህ፤ ለሰው ሁሉ እንዴት እንደሚኖር ስትነግር ኖረሃል። ይህቺን ለራስህ ንገር።

ላምዱዋን


ከማዶ፣ ጁን 2 ቀን 2521

እታለም፤

አነብባለሁ። ለገዢው ንገሪው።

አትገረሚ። ሌሊት ሳወጣ ሳወርድ አላደርኩም፤ ደብዳቤሽን አንብቤ ሳልጨርስ ነው የወሰንኩት። የመንደር አስተማሪ ሳለሁ ለአርባ ልጆች እናገር ነበር። ከዚያ ለሩዝ ገበሬዎች ማኅበር፣ ከዚያ ለምክር ቤቱ፣ ከዚያ ለሚኒስትሮቹ ጉባኤ፣ ከዚያ አደባባይ ለሞላ ሕዝብ። ብዙ መቶ ጊዜ ተናግሬአለሁ፤ ግማሹን ሌላ ሰው ነው የጻፈልኝ። አንድ ቢጨመር ምን ይሆናል? ተሳስቻለሁ፣ አሳስቻለሁ በል ቢሉኝ እውነት ነው። ወታደሮቹ ሥልጣኑን የያዙ ዕለት ፓርቲዬ ተበትኗል፤ ዛሬ የምመራው አንዲት ክፍልና አንዲት ዶሮ ነው። ዶሮዋም አትሰማኝም።

እዚህ ያሉት ጓዶች ከሃዲ ይሉኛል። ይበሉ። እናታቸው ሳጥን ውስጥ ሆና የምትጠብቃቸው ከሆነ ያኔ እንነጋገራለን።

ስለ እኔ ያለችውን አሁንም አልጻፍሽልኝም።

ኦት


ባን ኖንግ ሳኖ
የሰባተኛው ወር ጨረቃ ከመሙላቷ ሁለት ቀን በፊት

ካምሴን፤

እንዳትመጣ።

ወረቀቱን አየሁት። ወረዳ ቢሮ ድረስ ሄጄ ላንብበው አልኩ፤ ጸሐፊው «እትዬ፣ ማንበብ ይችላሉ እንዴ?» አለኝ። ወንድሜ ነው ያስተማረኝ አልኩት። የመጀመሪያው ገጽ አንተ እንዳልኸው ነው፤ ተሳስቻለሁ፣ አሳስቻለሁ የሚል። ሁለተኛው ገጽ ግን ባዶ መስመር ነው። ከላዩ «ከአገር ስወጣ የረዱኝ ሰዎች እነዚህ ናቸው» ይላል። መስመሩን ቆጠርኩት፣ አሥራ አንድ ነው።

ያሻገሩህ ሦስት ናቸው፤ እኔም አንተም እናውቃቸዋለን። ሦስቱም መሬታቸውን በግድቡ ያጡ ናቸው። ይህን ስታነብ አንዳቸው ምናልባት የገዳሙን አጥር እየጠገነ ነው። የእማዬን አበባ ከሚቀይሩት ሴቶች ሁለቱ ሚስቶቻቸው ናቸው።

ከእነዚህ ቤት ሰው አስወስደህ መጥተህ እማዬ ፊት ምን ብለህ ትንበረከካለህ? አንተን ይቅር ብትልህ እንኳ እኔ አልልህም። ደግሞ በገዛ እጄ የአዳራሹን በር ፊትህ ላይ እዘጋዋለሁ። ድሮም እንዲህ ነህ አንተ፣ ከልጅነትህ ጀምሮ፣ የፈለግኸውን ነገር ካየህ አጠገብህ ያለው ሰው አይታይህም። መነኩሴ ሆኜ በቢጫ ልብስ ልግባ ብለህም ለቻንሊ ነግረሃታል አሉ። ልብሱ መጋረጃ አይደለም።

ተቆጥቻለሁ። ሰላምታም የለም።

ላምዱዋን


ከማዶ፣ ኦገስት 20 ቀን 2521

እታለም፤

ሁለት ወር ዝም ያልኩት አኩርፌ አይደለም፤ አፍሬ ነው። መጀመሪያ ሁለተኛውን ገጽ አላውቅም ነበር ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ግን ሁልጊዜ ሁለተኛ ገጽ እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔው ራሴ እንዲህ ያለ ወረቀት አስጽፌ አውቃለሁ። ስለዚህ ይቅርታ ብቻ። አልመጣም።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ከገዳሙ ሥር ያለው የወንዝ ዳር ከዚህ ይታያል። አሁን ወንዙ ሞልቶ ደፍርሷል፤ ኖቬምበር ላይ ሲጎድል ሰው ሲራመድ እንኳ ይለያል። እሳቱን በገዳሙ ማቃጠያ ሳይሆን እዚያ ወንዙ ዳር፣ በእንጨት ክምር ላይ ብታደርጉት እኔ በዚህኛው ዳር አምስቱን ጥንድ ሻማ ይዤ እቆማለሁ። ጭሱ ሲነሣ የምነግራትን እነግራታለሁ። ሳጥኑ ራስጌ አይደለም፤ ግን ከአመድ ይሻላል።

ሌላም አለ። ለእሳቱ ጥሪ ካርድ ማሳተምሽ አይቀርም። የልጆቿ ስም ሲጻፍ የእኔን አትተዪው። አደገኛ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን በእናቱ ካርድ ላይ ስሙ የሌለ ልጅ ቀድሟት የሞተ ልጅ ነው። አልሞትኩም፣ እታለም።

ኦት


ባን ኖንግ ሳኖ
የአሥራ ሁለተኛው ወር ሙሉ ጨረቃ፣ ሻማ በወንዙ የምንለቅበት ዕለት

ለወንድሜ ለኦት፤

እንደምን ሰነበትህ? ጉልበቴ ሻል ብሎታል፤ አንተስ ሳልህ ለቀቀህ ወይ? በቻንሊ በኩል የደረቀ ሙዝ ልኬልሃለሁ፤ ለወታደሮቹም የተለየ ስላሰርኩላቸው ያንተን አይነኩትም።

ጨረቃ መጉደል በጀመረች በአሥራ አንደኛው ቀን፣ እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። በአንተ አቆጣጠር ኖቬምበር 26 መሆኑ ነው። አባ ቶንግሳይ ወንዝ ዳር ይሁን ስላቸው ለምን ብለው አልጠየቁኝም፤ ማዶውን ትንሽ አየት አድርገው «ጭስ ይኖራል፣ ቃል እገባለሁ» አሉኝ። ሽማግሌው ቃል አያበዙም። የማንጎውን ዛፍ አስቆረጥኩት፤ ለክምሩ ጥሩ እንጨት ወጣው።

ካርዱ ታትሞ መጣ። ከተማ ያለው አታሚ የአንተ ስም ላይ ሲደርስ ብዕሩን አነሣና አየኝ። «ይሄ ይቅር፣ እናቴ» አለኝ። እኔም ሦስት ቀን አስቤበት ነበር። ስምህን አውጥቼ አየሁት፤ «ልጇ ላምዱዋን» ብቻ ሲል መካን ለመሆን አንድ የቀራት ሴት ትመስላለች። አይ አልኩት፣ ሁለት ነው የወለደችው። ስለዚህ አለህ፤ ከእኔ ሥር፣ ያለ ማዕረግ፣ ካምሴን ብቻ። መቶ ሃምሳ ካርድ በትነናል።

ቢጫ ጨርቅ ራስህ ላይ እሰር፤ ዓይኔ ቢደክምም ምናልባት አይሃለሁ።

ላምዱዋን


ከማዶ፣ ኖቬምበር 27 ቀን 2521

እታለም፣ የእናቴ ምትክ፤

ያለኝን ምስጋና ሁሉ ውሰጂ። ተሳካ።

ከቀትር ጀምሬ ነው የቆምኩት። ወንዙ ጎድሎ አሸዋው ወጥቷል። ክምሩን አየሁት፣ ሰውም ሲሰበሰብ አየሁ፣ ከአዳራሹ በኩል አቧራ ሲነሣም አየሁ፤ እንግዳ በመኪና መጣ ብዬ ገመትኩ። አንቺን መለየት አልቻልኩም፤ ሁሉም ነጭና ጥቁር ለብሷል። ቢጫውን ጨርቅ አስሬ ነበር፤ አየሽኝ? ልክ በዘጠኝ ሰዓት ጭሱ ተነሣ። ነፋስ አልነበረም፤ ቀጥ ብሎ ወጣ።

ተንበረከክሁና ነገርኳት። አሁን ላንቺም እነግርሻለሁ፤ ከእሷ በፊት ለማንም አልነግርም ብዬ ነው የቆየሁት። ካርታውን አይቼው ነበር፣ እታለም። ያን ንግግር ከማድረጌ ከአንድ ወር በፊት መሐንዲሶቹ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተውታል። የውሃው ሰማያዊ መስመር በድሮው ገዳም ጣሪያ ላይ ያልፋል። ከፍታውን አስቀንሳለሁ፣ ምርጫው ይለፍ እንጂ፣ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ምርጫውን አሸነፍኩ። ከፍታው አልቀነሰም። የመንደሩ ሰው ሁሉ የአባቶቹን አጽም ውሃ ውስጥ ጥሎ የወጣው እኔን አምኖ ነው። ተሳስቼ ሳይሆን ዋሽቼ ነው።

ይህን ብዬ ሳበቃ ጭሱ ወደ እኔ ዘንበል ያለ መሰለኝ። ሰው የፈለገውን ያያል፤ አውቃለሁ። ግን ከአራት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ቀለለኝ። ኦት ያለችኝ መሰለኝ። ከእንግዲህ ምን አለች ብዬ አልጠይቅሽም፤ የሚበቃኝን ሰምቻለሁ።

ቸኩዬ የምጽፈው ነገ ጠዋት ስለሚወስዱን ነው። እኛን ስደተኞቹን ወደ ሰሜን፣ ወደ ተራራው ሊያዛውሩን ነው ተብሏል። የት እንደሆነ አልነገሩንም፤ ደብዳቤም የሚደርስ አይመስለኝም። ዶሮዋን ለቻንሊ ሰጥቻታለሁ። አትዘኚ። በሰላም ነው የምሄደው።

ኦት


ባን ኖንግ ሳኖ
የመጀመሪያው ወር፣ ጨረቃ በወጣች በአራተኛው ቀን

ለኦት፤

እንደምን አለህ ብዬ ብጠይቅ የሚመልስልኝ የለም። ቻንሊ ዛሬ ጠዋት መጥታ ቤቱ ተዘግቷል፣ በሩ ላይ ሌላ ቁልፍ ተንጠልጥሏል አለችኝ። ቢሆንም እጽፋለሁ። ስምንት ወር ሙሉ የያዝኩት ነገር አለና ከዚህ በላይ ልይዘው አልችልም።

አላየሁህም፣ ኦት። እኔ እዚያ አልነበርኩም። እማዬም አልነበረችም።

ካርዱ ወረዳ ቢሮ ደርሶ ነበር። ስምህ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ወንዝ ዳር የሚለው፣ ሁሉም በወርቅ ቀለም ተጽፏል። በስድስት ሰዓት ወታደሮች በሁለት መኪና መጡ። ያየኸው አቧራ እሱ ነው። ሳጥኑን ጫኑት፣ እኔንም ከጎኑ አስቀመጡኝ፤ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ርቀን በወረዳው ከተማ ገዳም ውስጥ በስምንት ሰዓት አቃጠሏት። እኔና ሁለት የማላውቃቸው መነኮሳት፣ አራት ወታደር። አንደኛው ወታደር አለቀሰ። ስሜን ባላስጽፍ ኖሮ እንዳትል፤ ባትለምነኝም አስጽፈው ነበር።

አንተ ያየኸው ጭስ የባዶ እንጨት ጭስ ነው። ስመለስ ነው የነገሩኝ። ሳጥኑ ከተወሰደ በኋላ ሰው ሁሉ ቆሞ ቀረ። አባ ቶንግሳይ ፀሐይዋን አይተው «ዘጠኝ ሰዓት ደርሷል» አሉና ለኮሱት። ከዚያ አንድ በአንድ መጥተው ለእማዬ የያዙትን የሰንደል እንጨት አበባ ባዶው ክምር ላይ ጣሉ። መንደሩ በሙሉ ነው፤ አሻጋሪዎችህ ሦስቱም፣ ሚስቶቻቸውም፣ አጽም በውሃ የተወሰደበት ሁሉ። ማዶ ቢጫ ጨርቅ ያሰረ ሰው ተንበርክኮ ሲያዩ እነሱም ተንበረከኩ አሉ። ምን እንደምትል ያውቁ ነበር። ከአንተ ቀድማ የነገረቻቸው አለች።

አሁን ምን አለች ያልከውን እነግርሃለሁ።

ከመሞቷ አራት ቀን በፊት ሽማግሌዎቹን አስጠራች። አምስት ጥንድ ሻማ በሳህን አስይዛኝ እሷ፣ የሰማንያ ዓመት ሴት፣ በጎኗ እንደተኛች ይቅርታ ለመነቻቸው። እንዲህ አለች፦ «ልጄ በድምፅ ማጉያ የተናገረ ዕለት ቤቴ መጥቶ ነበር። የሚወደውን ዓሣ ሠርቼ አቀረብኩለት፣ ሳይነካው ተነሣ። ኦት ከልጅነቱ ሲዋሽ አይበላም። ውሃው እንደሚመጣ ያን ቀን አወቅኩ። የባሌን አጽም ባነሣ ሰው ሁሉ ልጇ ዋሽቷል ይላል፤ ስለዚህ ዝም አልኩ፤ የናንተም ከእኔው ጋር ሰጠመ። ይቅር በሉኝ።» እጅ የነሣችህም፣ እርስዎ ያለችህም አንተን ብቻ ለመቅጣት አልነበረም። ስታይህ የገዛ ራሷን ዝምታ ታይ ነበር፤ ኦት ለማለት አፏ እምቢ አላት።

ሽማግሌዎቹ ይቅር አሏት። ከሄዱ በኋላ እኔን ጠራችኝ። «ለኦት ጻፊለት» አለችኝ። «እሳቴን እንዳይጠብቅ፣ እንዳይመጣ፤ ቢመጣ ይይዙታል። የሚለምነኝ ነገር የለም፣ እኔና እሱ እኩል ነን። በአባቱም አይጨነቅ፤ ሰውየው ዓሣ ይወድ ነበር።» ብላ ሣቀች፤ ሣቋ ሳል ሆነባት።

ይህ ሁሉ በእጄ ነበር፤ በመጀመሪያው ደብዳቤ ልጽፍልህ እችል ነበር። አልጻፍኩም። ተቆጥቼ ነው። አንተ ታውቅ ነበር፣ እሷም ታውቅ ነበር፤ እኔ ብቻ አምኜ ተቀምጬ መሬቴ ሰጠመ። ባሌ ቡንሎም በአዲሱ ድንጋያማ መሬት ሁለት ዓመት ቆፍሮ ተስፋ ሲቆርጥ ባንኮክ ለቀን ሥራ ሄደ፣ አልተመለሰም። እሷ በአንዲት ቀልድ ይቅር ስትልህ እኔ ገና አላለቀስኩም ነበር። እና ጥቂት ይቃጠል ብዬ ያዝኩት። አትጠብቀኝ ያለችውን ሴት ሰባት ወር ሳጥን ውስጥ ያቆየኋት ለአንተ ብዬ አይደለም፤ አንተ እንድትለምን፣ እኔም ስትለምን እንዳይ ብዬ ነው።

ሁለተኛውን ገጽ አይቼ በተቆጣሁህ ጊዜ ሳይቀር የራሴ ሁለተኛ ገጽ ትራሴ ሥር ነበር።

ዛሬ አምስት ጥንድ ሻማ ገዛሁ። የማንጎው ዛፍ ስለሌለ ከደረጃው ሆኜ ማዶው ወለል ብሎ ይታየኛል፤ የአንተን ቤት ግን ከሌሎቹ አልለየውም። ደብዳቤውን ለቻንሊ እሰጣታለሁ። ለማን ልስጠው አለችኝ፣ ያዢው አልኳት።

ኦት፣ ይቅር በለኝ። እናታችን አትምጣ ብላሃለች። ኦት ብላ ነው የጠራችህ።

እኅትህ ላምዱዋን